ፕሮፌሰሩና ቪትዟ

ክላርክ ከር የሚባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሃርቫርድ ተጋብዘው ስለ ዩኒቨርሲቲ ምንነት ንግግር ሲያደርጉ፣ የዛሬ ዩኒቨርሲቲ ማለት መምህሩ ሁሉ በየፊናው የሚሮጥበት፣ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር ስለ መኪና ማቆሚያ ያላቸው የጋራ ብሶት ብቻ የሆነ ቦታ ነው ብለው ቀለዱ። ቀልዱ ስድሳ ዓመት አልፎታል። አሜሪካኖቹ ዛሬም ይስቁበታል፤ ዛሬም ማቆሚያ አላገኙማ። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሰውየው ነቀምቴ ተመድበው ቢሆን ምን ይሉ ነበር የሚለው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ብሶት አልቸገረውም፤ የቸገረው መኪናው ነው።

ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። ከነቀምቴ ሌላ ጊምቢና ሻምቡ ላይ ካምፓስ አለው፤ ነቀምቴ ከተማ ውስጥ ሪፈራል ሆስፒታልም ያስተዳድራል። ወደ ቄለም ሲዘለቅ ደምቢ ዶሎ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። በእነዚህ ግቢዎች መሬት እንደ ልብ ነው። አንድ የከብት መንጋ አሰማርቶ መኪና የሚያቆሙበት ቦታ ይተርፋል። እዚያ ማዶ መኪናው ሞልቶ መሬቱ ጠፋ፤ እዚህ መሬቱ ሞልቶ መኪናው ጠፋ። መምህሩ ገንዘብ አጠራቅሞ አሮጌ መኪና እንዳይገዛ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁት ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነባቸው። ከዚያ ወዲህ በአገራችን አሮጌ መኪና የሀብታም ዕቃ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ጭራሽ ወደ አገር አይገባም ተባለ። መምህሩም ያጠራቀማትን ገንዘብ ለቤት ኪራይ አዋላት።

ስለዚህ ሰርቪስ ይጠብቃል። ሰርቪሱ ጠዋት ከየሰፈሩ ለቅሞ ግቢ ያራግፋል፣ ማታ ይመልሳል። አሜሪካኖቹ ስለ ማቆሚያ የሚከራከሩትን ክርክር ሁሉ እኛ አውቶቡሱ ውስጥ ይዘነው ገብተናል። ማንም በጽሑፍ አላሰፈረውም እንጂ ሦስተኛው ረድፍ፣ በመስኮት በኩል፣ የኬሚስትሪው መምህር ነው። ገና የተቀጠረ ልጅ ሳያውቅ ሄዶ ቢቀመጥበት ማንም አይቆጣውም። ሁሉም ዝም ብሎ ያየዋል። ባለ ቦታው ሲገቡና ልጁ ደንግጦ ሲነሣ፣ «ኧረ ተቀመጥ፣ ምን ችግር አለው፣ እኔ እቆማለሁ» ይሉታል። ከዚህ የከፋ ቅጣት አላውቅም። ልጁ እስከ ጡረታው ድረስ ያቺን ወንበር በዓይኑ እንኳ አያያትም። ጋቢናው ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡርና ለዲን ነው። ሦስቱ አንድ ቀን የተገናኙ እንደሆነ ዲኑ ከኋላ ይሄዳሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን ትሕትናቸው ይወራላቸዋል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ አንድ ወዳጄ ለማውራት ነው። የጊምቢ አካባቢ ልጅ ነው፤ ሚኒሶታ ከገባ ብዙ ዓመቱ ነው፤ እዚያው ያስተምራል። የወለጋ ሰው ሚኒሶታ መኖሩ የሚያስደንቅ አይደለም፤ በሚኒያፖሊስ ጎዳና ላይ ኦሮምኛ ሳይሰሙ መዋል ያስቸግራል። ይኼ ወዳጄ ስለ ሥራው ስንጠይቀው የሚነግረን ስለ ምርምሩ አይደለም፤ ስለ ማቆሚያው ነው።

እንደሱ አነጋገር፣ ግቢው በክልል በክልል ተሸንሽኗል። ለነባር መምህራን አንድ ቀለም፣ ለአስተዳደር ሠራተኛ ሌላ ቀለም፣ ለተማሪ ደግሞ ከትምህርት ክፍሉ በአውቶቡስ ካልሆነ የማይደረስበት ሜዳ። ፈቃድ ለመግዛት ወረፋ አለ፤ ወረፋው ዓመት የሚፈጅበት ጊዜ አለ። ዋጋው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሲሆን ከሺህ የሚያልፍበትም ግቢ ሞልቷል። ከፍለው ሲያበቁ ቦታ የሚሰጥዎ እንዳይመስልዎ። የተሰጠዎ ቦታ የመፈለግ መብት ነው። እዚያ የማደን ፈቃድ እያሉ ያፌዙበታል፤ ፈቃድ አለህ ማለት አውሬው አለ ማለት አይደለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማስተማር ያለበት ሰው አንድ ሰዓት ላይ ገብቶ ይዞራል፣ ይዞራል፣ የሚወጣ ሰው ሲያይ በመኪናው እየዳኸ ይከተለዋል። ሰውየው ደግሞ የሚወጣ አልነበረም፤ መነጽሩን ረስቶ ሊወስድ ነው የመጣው።

ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ላይ ለኖቤል ተሸላሚ መምህር ማቆሚያ ተከልሎ ይሰጠዋል፤ ምልክቱ ተተክሎ፣ ሌላ ሰው ቢያቆምበት ቅጣት ተጽፎበት። ወዳጄ ይህን ሲነግረን ድምፁ ይለወጣል። ስለ ሽልማቱ ሲያወራ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም። ሽልማቱ በየዓመቱ ለጥቂት ሰዎች ይደርሳል፤ ከሕንፃው በር ፊት ለፊት የሚሆን ቦታ ግን በሕይወት ዘመን አይገኝም ባይ ነው።

ታዲያ ለአንድ ሴሚስተር በነፃ ላስተምር ብሎ መጣ። ከአጎቱ ልጅ ቪትዝ ተዋሰ። ከወለጋ ግቢዎች ወደ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ጥበቃውም ወገኔ ነው፣ ሥራውም እንጀራው ነው። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ደረሰ፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

«አካም ቡልተኒ?» አለ ፕሮፌሰሩ፣ አገር ለቆ ኖሮም ያልደበዘዘ ሰላምታውን አውጥቶ።

«ነጋ፣ ፈያ! ኦቦ፣ ወዴት ነው?»

«ላስተምር ነው።»

«መታወቂያ?»

የሚኒሶታውን ሰጠው። ጥበቃው ገለበጠው፣ ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያየው፣ መለሰለት። «ይኼ የእኛ አይደለም።»

«በእንግድነት ነው የመጣሁት። ደብዳቤ አለኝ።»

ደብዳቤው ማኅተም ነበረው፣ ቲተር ነበረው፣ ቁጥርና ቀን ነበረው። ጥበቃው በጥንቃቄ አነበበው። «ደብዳቤው እርስዎን ይላል። መኪናዋን አይልም።»

እውነቱን ነው፤ ደብዳቤው መኪናዋን አይልም።

«እርስዎ ይግቡ፤ እሷ ትቆይ።»

ፕሮፌሰሩ በመጨረሻ የለመደውን ጥያቄ ጠየቀ። «እሺ፣ የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ የሚሸጠው የት ነው? ልግዛ።»

ጥበቃው ወዲያና ወዲህ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኦቦ፣ እዚህ ፈቃድ አይሸጥም። ሸጠ ቢባል የምታሰረው እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ቪትዟ ላይ ሳይሆን ፕሮፌሰሩ ላይ ሆነ።

እንዲህ ስንነጋገር ከኋላችን ክላክስ ተነፋ። አጭር ነው፤ የሚለምን ክላክስ ሳይሆን የሚያሳውቅ ክላክስ። ነጭ ላንድክሩዘር ነው፤ መስታወቱ ጥቁር። ጥበቃው እኛን ትቶ ሮጠ፤ ብረቱ ወደ ላይ ተሰቀለ፤ ሰላምታ ተሰጠ። መኪናው ሳያቆም ገባ። ሲያልፍ በፊት መስታወቱ አየሁት፤ ከሹፌሩ በቀር ማንም የለበትም። ከኋላ አንድ ጆንያ ሽንኩርት አለ።

ወዳጄ ለብዙ ጊዜ ያልገባው ነገር እዚያች ቅጽበት ገባው። እሱ አገር ሰው እንደ ልቡ ይገባል፣ መኪናው ፈቃድ ይጠየቃል። የዩኒቨርሲቲያቸው ግቢ አጥር የለውም፤ ውሻውን ይዞ የሚንሸራሸር ጡረተኛ ሳይቀር ያቋርጠዋል። እኛ ዘንድ ፈቃድ የሚጠየቀው ሰው ነው። ተማሪው በመታወቂያው ይገባል፣ በሚል ካርዱ ይበላል፣ በክሊራንሱ ይወጣል። መኪና ግን፣ ዋና ዋናው መኪና፣ ራሱ ፈቃድ ነው። ከላይ ሌላ ወረቀት የሚለጠፍበት ምን ጎድሎት?

ጥበቃ በዓይኑ ብቻ መኪና ሲያነብ ማየት ደስ ይላል። በቆየው የሰሌዳ አሠራር ኮድ 1 ቀዩ ታክሲ ነው፤ በር ላይ ያራግፋል እንጂ አይገባም። ኮድ 3 አረንጓዴው የንግድ ነው፤ ምን ጭነህ መጣህ፣ ማን አዘዘህ ይባላል። ኮድ 4 ጥቁሩ የመንግሥት ነው። በተለይ «ኢት» የሚል ከፊቱ ካለ ከፌዴራል ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ፌዴራል ነውና ዘመድ ከዘመዱ እንደ መጣ ይቆጠራል። ብርቱካንማው ኮድ 5 የድርጅት ነው፤ ፕሮጀክት ይዞ ሊሆን ስለሚችል ማንም ሊያስቀይመው አይፈልግም። ኮድ 2 ሰማያዊው የግል ነው። የግል ማለት ከኋላው ማንም የለውም ማለት ነው። የወዳጄ ቪትዝ ሰማያዊ ነበረች፤ ያውም ትንሽ፣ ያውም በግራ በኩል ስፖኪዮዋ በፕላስተር የተያዘ።

መስታወቷ ላይ የተለጠፈው ሁሉ አልጠቀማትም። የዓመቱ ቦሎ አለ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንም ባለ መኪና እንዲገባ የሚገደድበት የሦስተኛ ወገን መድን ተለጣፊም አለ። የአገራችን ባለ መኪና መስታወቱን በፈቃድ ብዛት ሸፍኖ በቀረችው ቀዳዳ ነው መንገዱን የሚያየው። እነዚያን ግን ትራፊክ ፖሊስ ነው የሚያያቸው፤ የግቢ በር ሌላ አገር ነው።

በኋላ መፍትሔ ተገኘ፤ መፍትሔ ሁልጊዜ ይገኛል። ጥበቃው ትልቁን መዝገብ አወጣ፤ እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሯል። ሰሌዳ፣ የሹፌር ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ ምክንያት። በምክንያት ሥር «ለትምህርት» ብሎ ጻፈ፤ ፕሮፌሰሩ ሊማር የመጣ ይመስል። ከዚያ መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ መሳቢያ ከተተና ቁጥር የተጻፈባት ቆርቆሮ ሰጠው። ሲወጡ ቆርቆሮዋን መልሰው መንጃ ፈቃድዎን ይወስዳሉ። ይኼ በብዙ ግቢ የተለመደ ነው፤ እኔ ለምጄው ነገሩን አስቤበትም አላውቅ። ወዳጄ ግን መሪውን እንደ ያዘ ቀረ።

«መንጃ ፈቃዴን ወስዶ ንዳ አለኝ?»

«አዎ።»

«ያለ መንጃ ፈቃድ?»

«ግቢ ውስጥ ነው እኮ።»

በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ነዳ። ተማሪዎች በእግራቸው እየቀደሙት አለፉ።

ለዚህ በር ጠባይ የራሴ መላ ምት አለኝ። የአገራችን የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ የገባው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑልን ለትምህርት ሰጡ። ቤቱ ሲሰጥ በሩም አብሮ ተሰጠ፤ በሩ ደግሞ ጠባዩን ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ በየክልሉ የተከፈተ ግቢ ሁሉ ከላቦራቶሪው በፊት አጥሩን፣ ከአጥሩ በፊት በሩን ይሠራል። ከዚያም በፊት ቢሆን ወግ ነበረን። የበታች በበቅሎ ሲሄድ ሹም ቢያጋጥመው ይወርዳል፤ ከትልቅ ሰው ደጅ ሲደርስ ይወርዳል። ነቀምቴ ላይ ዛሬም የሚጎበኘውን የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው የዚያን ዘመን ደጅ መገመት አያቅተውም። ማን ከየት ላይ ይወርዳል የሚለው ጥያቄ በቅሎው ቀርቶ መኪናው ሲመጣ አልቀረም። ከበር የሚወርድና ከደረጃው ሥር የሚወርድ እኩል ሆኖ አያውቅም።

ጥበቃውን ግን አልወቅሰውም። ከግቢው አንድ ፕሮጀክተር ቢጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ከመግቢያው ይልቅ መውጫው ጠበቅ ይላል፤ የኋላውን ክፈቱ፣ ይኼ ኮምፒዩተር የማነው፣ የንብረት መውጫ ወረቀትስ? ፕሮፌሰሩ የራሱን ላፕቶፕ ሲገባ ስላላስመዘገበ ሲወጣ ላፕቶፑ የእሱ መሆኑን ለማስረዳት ማክሰኞን ሙሉ ጨርሶበታል። ይኼን ላሳጥረው፤ ዞሮ ዞሮ የዴስክቶፑን ሥዕል ከፍቶ የልጁን ፎቶ አሳየና አለቀ።

አንዴ ከገቡ በኋላ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ፤ እሱ አልተጻፈም። ግቢ ውስጥ ቦታ ሞልቷል ብያለሁ። ጥላ ግን አልሞላም። ከበጋው ፀሐይ ሥር የዋለች መኪና ውስጥ ለመግባት የሞከረ ያውቀዋል፤ መሪው አይጨበጥም። ስለዚህ የማቆሚያው ክልል በአስፋልት ላይ በቀለም አይሰመርም፤ በዛፍ ነው የሚለካው። ዋንዛው ሥር የፕሬዝዳንቱ፣ ግራቪሊያው ሥር የምክትሎቹ፣ አነስ አነስ ያሉት ዛፎች ሥር የዲኖች። ማንጎ ሥር የሚያቆም እንግዳ ብቻ ነው። ማንጎው ሲበስል ኮፈን ላይ እንዴት እንደሚወድቅ የአገሩ ሰው ያውቃል፤ ጥላው ለዚህ ነው ባዶ የሆነው። ጥላም እንደ ሰው ይዞራል። አራት ሰዓት ላይ የምክትል ፕሬዝዳንቱ የነበረው ጥላ ስምንት ሰዓት ላይ የስምሪት ክፍሉ ሹፌሮች ይሆናል፤ ሹፌሮቹ ይህን ሒሳብ አሳምረው ያውቁታልና ጠዋት ሰው የማያይበት ቦታ አቁመው ከሰዓት በኋላ ይከብራሉ።

ባለቤት በሌለበት ድንጋይ ይቀመጣል። ድንጋዩ አይናቅም። አንዱ የግቢ አስተዳደር ለመኪና ማቆሚያ ምልክት በጀት አስጠንቶ ቦርድ ቢያስተክል ማንም አያነበው ይሆናል፤ ሁለት ኖራ የተቀባ ድንጋይና አንድ አሮጌ ጎማ ግን የሚያነሣ ወንድ የለም። ወዳጄ ድንጋይ አንሥቶ አቆመ። ማንም ምንም አላለውም። ሲመለስ ድንጋዮቹ ከቪትዟ ፊትም ኋላም ተደርድረው አገኘ፤ መጀመሪያ ከተቀመጡት ይበዛሉ።

ዝናቡስ? ነቀምቴ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ክረምቷ ቶሎ ይገባል፣ ዘግይቶ ይወጣል። ያን ጊዜ ጥላው ይረሳል። ሁሉም ቀይ አፈር ሸሽቶ ኮብልስቶን ፍለጋ ይሯሯጣል፤ በበጋ ዋንዛ ሥር የነበረው ሹም አሁን ከደረጃው ጫፍ ድረስ ይጠጋል። ከተማዋም ተዳፋት ናት። በእጅ ፍሬን ብቻ አምኖ መኪና ትቶ መሄድ ድፍረት ነው። የዋህ ሹፌር ያቆማል፤ ብልህ ሹፌር ታኮ ያደርጋል። የአይሱዙ ረዳት ዋና ትምህርቱ ይኸው ነው፤ መኪናው ሳይቆም ዘሎ መውረድ፣ ድንጋይ ከጎማው ሥር መወሸቅ፣ ከዚያ «በቃ!» ማለት። የወደደ ደግሞ ድንጋዩን መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ ለሚቀጥለው ሰው በጎ ሥራ ይሁንልኝ ብሎ ሳይሆን አይቀርም፤ የሚቀጥለው ሰው በሞተር ሳይክል ነው የሚመጣው።

ከአጥሩ ውጭ ያለውን አገር ባጃጆች ይገዙታል። ለእነሱ የግቢው በር መናኸሪያ ነው። ተራ አስከባሪው ከጥበቃው ሦስት እርምጃ ርቆ ይቆማል፤ ሁለቱ ይከባበራሉ፣ አንዱ በሌላው ሥልጣን አይገባም። ባጃጅ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ አሮጊት እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከነጆ በአውቶቡስ መጥተው፣ ከመናኸሪያ በባጃጅ ደርሰው፣ ከበሩ እስከ ዶርሙ ያለውን በእግራቸው ያዘግማሉ። እኔ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ቢሰጠኝ የመጀመሪያዋን ፈቃድ የምጽፈው ለእሳቸው ባጃጅ ነው። ጆንያቸው ውስጥ አንጮቴ አለ፤ ቅቤ አለ፤ ይኼን ይዞ ኪሎ ሜትር የተራመደ ሰው የጥላ ጉዳይ አያሳስበውም።

አሁን አሁን ደግሞ ኤሌክትሪክ መኪና መጣ። የነዳጁ ከተከለከለ ወዲህ አቅም ያለው ሰው አይዲ 4 ይገዛል፣ ቢዋይዲ ይገዛል። የእነዚህ ባለቤቶች ጥላም ኮብልስቶንም አይሉም፤ ሶኬት ነው የሚፈልጉት። ከመስኮት የሚወርድ ማራዘሚያ ገመድ ባየሁ ቁጥር የነገው የግቢ ጦርነት በየት በኩል እንደሚከፈት ይታየኛል። መብራት የሚጠፋባቸው ቀናት ጊዜያዊ ሰላም ያወርዱ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመኪና ማቆሚያ ችግር ወለጋ ውስጥ የለም ብሎ የደመደመ ሰው የምርቃት ቀን ይምጣ። የምርቃት ቀን ከበሩ በቀር ሁሉም ነገር ይቀየራል፤ ትንሽ ቆይቶ በሩም ይቀየራል። ከጎህ በፊት መንገዱ ይሞላል። ከሻምቡ፣ ከመንዲ፣ ከቤጊ፣ ከደምቢ ዶሎ፣ አንድ ተመራቂ ለማየት አንድ ቀበሌ ይነቃነቃል። ሀይሩፍ ይመጣል፣ አባዱላ ይመጣል፣ ቡና የሚጭን አይሱዙ በላዩ አግዳሚ ተደርድሮ ይመጣል። አንዳንዱ መኪና ላይ የሚጮኸው በግ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ጥበቃው እስከ አንድ ሰዓት ድረስ መታወቂያ ይጠይቃል፤ እስከ አንድ ተኩል የጥሪ ካርድ ይጠይቃል፤ ሁለት ሰዓት ላይ ብረቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። መዝገቡ ይዘጋል። ቆርቆሮዎቹ አልቀዋል።

ያን ቀን ዋንዛው ሥር አይሱዙ ቆመ። ግራቪሊያው ሥር ሴቶች ምጣድ ጣዱ። ኖራ የተቀቡት ድንጋዮች ጉልቻ ሆኑ። የላንድክሩዘሩ ሹፌር መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ክላክስ ነፋ፤ ያው አጭሩን ክላክስ፤ ከፊቱ የቆሙት ሽማግሌ ሰላም ያላቸው መስሏቸው እጃቸውን አነሡለት። ኳስ ሜዳው ማቆሚያ ሆነ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበርና ጎማ ሁሉ እስከ ግማሹ ገባ፤ አዲስ ተመራቂዎች ጋዋናቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው የአጎቶቻቸውን መኪና ገፉ። «ስበረው! ድፋው! መልሰው!» የሚለው ጩኸት ከመድረኩ ሙዚቃ ይበልጥ ነበር። ምሕንድስና የተመረቀ አንድ ልጅ ጎማው ሥር ቅጠል ይነጠፍ አለ፤ ረዳቱ አልሰማውም፤ ድንጋይ አደረገና ወጣ።

ፕሮፌሰሩ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ መድረስ ነበረበት፤ በረራው ሌሊት ነው። ቪትዟን ማልዶ አስገብቶ ጥሩ ቦታ አቁሟት ነበር። ተመልሶ ሲመጣ አንድ አይሱዙ በቁመቱ ተጋርዶባታል። ከፊቷ ግንብ፣ ከጎኗ ሌላ መኪና፣ ከኋላዋ አይሱዙው። ሹፌሩ የለም፤ ረዳቱ የለም፤ በጉ ብቻ አለ። ወዳጄ እንደ አገሩ ልማድ የሚደውልበት ቁጥር ፈለገ። እዚያ ቢሆን ጎታች መኪና ይጠራል፤ ጎታቹ በአሥር ደቂቃ ይመጣል። እዚህ ወደ መድረኩ ሄድን።

የመድረክ መሪው በማዕረግ የተመረቁትን እየጠራ ነበር። ስም ይጠራል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ከአንድ አቅጣጫ እልልታ ይነሣል፤ ስም ይጠራል፣ ያጨበጭባል። በጽሑፍ ያቀበልነውን ወረቀት ተቀብሎ፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣ በዚያው ክብርና በዚያው ዜማ የአይሱዙውን ሰሌዳ ከክልሉ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቁጥር አነበበው። ሕዝቡ አጨበጨበ። በስተቀኝ በኩል አንዲት እናት እልል አሉ።

ከድንኳኑ አንድ ወፍራም ሰውዬ እጁን እየጠረገ ተነሣ። በሁለት ረድፍ ወንበር መካከል ሲያልፍ የማያውቁት ሰዎች ጨበጡት። ፕሮፌሰሩ ሰዓቱን እያየ ጠበቀው።

«ኦቦ፣ ምነው?» አለ ሹፌሩ። «በፈቃድ ነው እኮ የገባሁት።» ከኪሱ የተጣጠፈ የጥሪ ካርድ አውጥቶ ዘረጋ።

ወዳጄ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ይኼ የሚለው ለሁለት ሰው ነው።»

«ልክ ነው» አለ ሹፌሩ፣ በመዳፉ የአይሱዙውን በር መታ እያደረገ። «እኔና እሱ።»